ክዳኑ እንደተዘጋ

ሊፍት ያልመጣለት ብሎክ ጣሪያ ላይ፣
ከሮቶዎች መሐል፣ የኮዬ ፈጬ ሰማይ።
የታኅሣሥ ብርድ ነው አጥንት የሚቆጥር፤
ለእኔ ጣት መከራ፣ ለካሜራዬ ፍቅር።
ሲሞቀው ይዋሻል፣ ሲበርደው ይታመናል፤
እንዲህ ያለ ጠባይ በሰው መች ይገኛል?

ቀን ቀን ጉርድ ፎቶ፣ ሰማያዊ ጨርቅ ፊት፤
«አገጭዎን ቀና!» «ትከሻዎን ዝቅ!»
«ብጉሬን አጥፋልኝ»፣ «ይችን ጠባሳ እርሳት»፤
አጠፋለሁ፤ ይወጣሉ እንደ ሳህን ብርቅርቅ።

ማታ ግን ኦሪዮን።
ከቀበቶው በታች ያለችዋን ጭጋግ፣
እፍ ቢሏት የምትጠፋ የምትመስል ኩራዝ፣
ከፎቶኮፒ ማሽን የነቀልኩት ሞተር
በሰማዩ እርምጃ ቀስ እያለ ሲዞር፣
ሠላሳ ሰከንድ ሙሉ ደጅ እጠናታለሁ።
ስትመጣም ብቻዋን አትመጣም፤ አያለሁ
ማንም ያልዘራውን ቀይ፣ አረንጓዴ ጤፍ
ፊቷ ላይ ተረጭቶ ከጫፍ እስከ ጫፍ።

ባለሙያው ሁሉ «ጫጫታ» ነው የሚለው፤
ጆሮ የማይሰማው፣ ዓይን የሚያደነቁረው።
(የጆሮውንማ መንደሩ ለምዶታል፦
ጄኔሬተሩ፣ የውሾቹ ስብሰባ፣ የማጉያው ክርክር፣
ከወንዙ ማዶ ጅብ፣ አሸዋ የጫነ ሲኖትራክ ሲያጓራ ሲያድር።)

መድኃኒቱ መደመር ነው።
መቶ ጊዜ አንስቼ፣ አንዱን ባንዱ ደርቤ፣
ለመቶ ሳካፍለው፣
እውነት ቦታ አትለቅም፤ ኮከብ ኮከብ ላይ ታርፋለች፤
ሐሰት ግን በየፎቶው ወንበር ትቀያይራለች፤
እርስ በርሷ ተጣልታ፣ በመጨረሻ ትከስማለች።

ጠጂቱ ብቅ አለች፣ ሌሊት ሰባት ሰዓት።
ቧንቧው የሚተነፍሰው ማክሰኞ ሌሊት ነው፤
ሮቶዋን ልታይ ነው፣ ባትሪ አብርታ መጥታ።
«አጥፊው!» ብዬ ጮህኩ። አንድ ፎቶ ሄደ፣
ሠላሳ ሰባተኛው።

ነገሩን ስነግራት ግንባሯን ቋጠረች፤
የዕድር ጸሐፊ ናት፣ ነገር ትመዝናለች።
«ይሄማ» አለች ስቃ፣ «የኛ ስብሰባ ነው፤
አርባ ሰው ተናግሮ ፍሬው አንድ ቃል ነው።
ግን ንገረኝ እስቲ፦ አርባውም ተባብረው
አንዱኑ ውሸት ቢሉ፣ መደመሩ ምንድነው?»

ዝም አልኩ።
እውነቷን ነው። አብሮ የተዋሸ አይከስምም በድምር፤
ሲደጋገም ይጠነክራል፣ ይቆማል እንደ ምስክር።
ለዚህ ነው ከመውረዴ በፊት
ክዳኑን ገጥሜ የማነሳው ጨለማ፣
ሃያ ጊዜ፣ ሠላሳ ሠላሳ ሰከንድ፣
ምንም ሳያይ የሚያወራውን ልሰማ።

«ዘግተህ ምን ታነሳለህ?»
«እሱኑ። ምንም ሳይሰጡት ከሆዱ የሚያወጣውን።
ኋላ ከሰማዩ ላይ እቀንሰዋለሁ፣ የራሱ የራሱን።»

ጠጂቱ አልሳቀችም።
ባትሪዋን ጉያዋ ከታ፣ ሮቶውን ተደግፋ
ቆየች፤ ውሃው ጠብ ጠብ ሲል፣ ሃያው እስኪያልቅ ድረስ።
እኔም ዓይኔን ጨፈንኩ።
ከውስጥ የሚጮኸው
የካዛንቺስ ቤታችን ሲፈርስ ያለቀሰው ቆርቆሮ ነው።
ይህን ደግሞ ከየትኛው ሰማይ ላይ ልቀንሰው?

ሊነጋ ሲል ላፕቶፑ ላይ ማለስለሻውን ገፋሁ፤
ገፋሁ፣ ገፋሁ፤ ጤፉ ጠፋ፤
ሰማዩ ቅባት የጠገበ ቆዳ መሰለ፤
ትንንሾቹ ኮከቦችም ከጤፉ ጋር ተጠረጉ።
ኦሪዮን ጉርድ ፎቶ ሆነ፤
ለፓስፖርት የሚሄድ፣ ጠባሳ የሌለው።

መለስኩት። ግማሽ ድረስ። ትንሽም ከግማሽ በላይ።

ከግራ ጥግ አንዲት ነጥብ አለች፦
ከዘጠና ዘጠኙ በሃምሳው ትታያለች፣ በቀረው የለችም።
ኮከብ ትሁን ሐሰት፣ እኔ እንጃ፤ አልነካኋትም።
ማክሰኞ ውሃ ሲመጣ
ጠጂቱ ትፍረድላት።