የወሰን ድንጋይ

ሰኔ ሞጣ ላይ ነው፤ ቆርቆሮው ያጓራል፤
ምንይችል በፌስታል ማሽን አቅፎ ይገባል።
የመሬት ጽሕፈት ቤት፣ የወረዳው መዝገብ፣ የወሰን ነገር፣
የሰባት ቀበሌ እርሻ ሁሉም እሷ ላይ ነበር።
«ልጁ ዊንዶውስ ልጫን ብሎ…» አለ፤ አልጨረሰም።
ልጁ የአለቃው እህት ልጅ ነው፤ አይጠየቅም።

አበራኋት። ጥቁር። ከዚያ አንዲት ነጭ መስመር፦
እንዲህ ያለ ክፋይ የለም።
ጠቋሚው ብልጭ ድርግም፣ ብልጭ ድርግም፣
ደጅ ቆሞ ቤቱ እንደጠፋበት ሽማግሌ።
ግራብ በረኛ ነው፤ እልፍኝ ያሳያል እንጂ እልፍኝ የለው የራሱ፤
ትናንት ያመለከተው በር ዛሬ ቢጠፋ፣ ምን ትበል ምላሱ?

«ምንም እንዳትጽፍባት!» አልሁት፣ እጁ ወደ ቁልፉ ሲሰነዘር፣
«ከሥሯ የሰው እህል አለ፤ በላዩ አይዘራም ዘር።»
ከፍላሽ አስነሣኋት። በቅድሚያ ግልባጭ ወሰድሁ፤
መብራት ሁለቴ ሄደ፣ ሁለቴም እንደገና ጀመርሁ።
ምንይችል አግዳሚው ላይ አንኮራፋ።

የጠፋው ሠንጠረዡ ነው፤ አፈሩ የት ይሄዳል?
የድሮ ፈር ከጓሉ ሥር፣ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ይታያል።
እኔም ጎንበስ ብዬ ዘርፍ በዘርፍ ስፈልግ፣
ንጋት አሥራ አንድ ሰዓት ላይ
ዋናው ፈርሶ፣ መንትያው ከሩቅ ተቀብሮ
«አለሁ» አለኝ።

መከፈቱን ልፈትሽ ብዬ አንዱን ፋይል ነካሁ፤
የኛው ቀበሌ ሆነና፣ ዓይኔን ሳልነቅል አነበብሁ።
የወይዘሮ ውድነሽ ሁለት ቃዳ። በሰሜን አዋሳኟ አባቴ።
የወሰኑ ድንጋይ ከወይራው ሃያ ሁለት ሜትር።
ሃያ ሁለት!
እኔ ክረምት ክረምት ያረስሁት ከአሥራ ስምንት ጀምሮ ነው።
ሴትዮዋ ሦስት ዓመት ከሸንጎ ሸንጎ ስትንከራተት
እኛ ቤት ስሟ «ነገረኛዋ» ነበር።

ማጥፊያዋ ትእዛዝ ሁለት ፊደል ናት።
ጠፍቶ ያደረ ቢጠፋ፣ ማን ይጠይቃል?
ጣቴ ቁልፉ ላይ እንዳለ ዝናቡ አባራ።

ሠንጠረዡን ጻፍሁ። በረኛውን ደጁ ላይ መልሼ ተከልሁ፣
የእልፍኙን አድራሻ አስጠናሁት፤
ፍላሹን ነቅዬ፣ አጥፍቼ አበራሁ።

ተነሣች።
ምንይችል «እሰይ!» ብሎ ኪሱን ሲዳብስ
ስልኬ ጠራ፤ አባቴ ነው።
«ማሽኗ ሞታለች አሉ፣ እውነት ነው?» አለኝ፤ ድምፁ ቀለል ብሎት።
«ተነሥታለች፣ አባዬ።»
ከወዲያ ማዶ፣ ለብዙ ጊዜ፣
የበሬዎቹ ትንፋሽ ብቻ ይሰማኝ ነበር።