ጥያቄ ቁጥር አራት

ዓርብ ማታ ባሕር ዳር መብራት ጠፍቶ፣ ስልኬን ከብርጭቆ አስደግፌ፣
ስልሳ ሁለት ወረቀት አለብኝ፣ ቀይ እስክሪብቶ በአፌ።
ጥያቄ ቁጥር አራት፣ የአምስት ማርክ፤ ራሴ ነኝ ያወጣሁት፦

«አንድ ታንኳ ወደ ሰሜን አራት ኪሎ ሜትር ተቀዘፈ፤
ነፋስ ደግሞ ወደ ምሥራቅ ሦስት ኪሎ ሜትር ገፋው።
የጉዞውን መጠን ፈልጉ፤ አቅጣጫውንም አስረዱ።»

ቀላል ነው። የአንዱ ቀስት ጭራ ከአንዱ ራስ ይገጥማል፤
አራት በአራት፣ ሦስት በሦስት፣ ተደምሮ ሥሩ ሲወጣ አምስት ይሆናል።
ስልሳ አንዱ «አምስት» ብለዋል፣ ገሚሱ ከጎኑ ቀድቶ፤
አቅጣጫውን ማን ጽፎት፣ ቁጥሩ ብቻውን ቀርቷል ተጎልቶ።

አንዷ ግን፣ ጦይባ ይማም፣ መስኮቱ ጥግ የምትቀመጠው፣
ቁጥር የሚባል አልጻፈችም። ጽሑፏ ጠማማ ነው፤ ይሄው፦

«ቲቸር፣ ይሄ ሰውዬ ታንኳ አያውቅም።
ነፋሱን እያየ ዝም ብሎ ወደ ሰሜን አይቀዝፍም።
አባቴ ቢሆን ወደ ግራ ነበር የሚያነጣጥር፣
ወደማይሄድበት፣
የሚሄድበት እንዲደርስ በቀጥታ መስመር።»

ኤክስ ልል እጄን ሰነዘርኩ፤ እስክሪብቶው አየር ላይ ቀረ።
ዐሥራ አራት ዓመት በጠመኔ ስቀዝፍ፣ ሱሪዬ ውኃ ሳይነካው ኖረ።

ሲነጋ ወረድኩ ወደ ሐይቁ፣ ደንገል ከሚታሰርበት፣
ፔሊካን የዓሣ አንጀት እንደ ደመወዝ ተሰልፎ ከሚጠብቅበት።
«የጦይባ አስተማሪ ነኝ» አልኩ። ይማም ሙሄ ቀና ብሎ
«አጠፋች?» አለኝ፣ ዘንጉን ትከሻው ላይ ጥሎ።
«እንጃ፤ ለዚያ ነው የመጣሁ።» «እንግዲያው ተቀመጥ መሐል፤
ዳር ዳሩን ካልክ ደንገል አስተማሪ አያውቅም፣ ይገለብጥሃል።»

ደብረ ማርያም ፊት ለፊት ናት፤ ዛፎቿ በጣት የሚቆጠሩ፤
ታንኳው ግን ሌላ ያያል፣ ወደ ባዶ ውኃ ነው ግንባሩ።
«ተሳሳትክ» ልለው ስል፣ ከሥር አንድ ነገር ጎተተን፤
ዐባይ፤ ገና ከሐይቁ ሳይወጣ፣ ድምፅ ሳያሰማ ያዘን።
«የሱን እሱ ይጎትታል፣ የኔን እኔ እቀዝፋለሁ፤
ተደማምረን ነው የምንደርሰው፤ ብቻዬን የት እሄዳለሁ?»

ዘንጉ ሲነሣ፣ ሲወርድ፣ እኔ በልቤ ቀስት ስስል፣
አንዱ ከክንዱ የሚነሣ፣ አንዱ ከውኃው የሚበቅል፤
ሦስተኛውን ማንም አልሳለው፤ እኛው ተቀምጠናል ላዩ ላይ፣
አፍንጫችን ወዲያ ዞሮ፣ ደሴቷ ቀጥ ብላ ስትመጣ ስናይ።

ራቅ ብሎ ሌላ ታንኳ በኛው ፍጥነት፣ በኛው ዝንባሌ ይሄድ ነበር፤
በመጽሐፉ ሁለታችን አንድ ቬክተር ነን፤ መነሻ ቦታ አይቆጠር፤
ግን እነሱ የጫኑት እንጨት ነው፣ ይማም የጫነው መምህር።

«ስንት ኪሎ ሜትር ነው?» ብለው ሳቀ፤ «ወዴት?» አለ መልሶ፤
«ሰካራምም እኮ ሲሄድ ያድራል፣ ጎዳናውን ሁሉ ዳስሶ።»

ተመለስን። የተነሣንበት ድንጋይ ላይ ገመዱን አሰረ።
በኔ ሂሳብ ዜሮ ነው፤ መጠን የለው፣ አቅጣጫውም የተሰወረ።
ግን የይማም መዳፍ ተልጧል፣ ጨርቅ ጠቅልሎበታል፤
ዜሮ ቬክተር ይደማል ብሎ የትኛው መጽሐፍ ይጽፋል?

እኔስ? ከቤቴ እስከ ሰሌዳው፣ ከሰሌዳው እስከ ቤቴ፣
ዐሥራ አራት ዓመት ተደምሮ ስንት ይመጣል?
ተውኩት። መልሱን ያውቀዋል ጉልበቴ።

ሰኞ ወረቀት ስመልስ፣ ጦይባ የራሷን ገልብጣ አየች፤
ኤክስም ራይትም የለውም። ከስሟ ጎን ቀይ ቀስት አገኘች፣
ወደ ግራ ያዘመመ።
«ቲቸር፣ ታዲያ ከአምስት ስንት ነው?»
«አቅጣጫው ልክ ነው» አልኳት፤ «መጠኑን...
ቁጭ በይ፣ እየቀዘፍኩ ነው።»