ሲሆን—እንግዲያው

ባለሥዕሉ መሥሪያ ሊወርድልኝ ጀምሮ፣
ሰማንያ ሦስት ከመቶ ሲደርስ፣ ወረደ ወደ ዜሮ።
መብራት ነው። ሦስተኛ ሌሊት። አዘዞ ጨልሟል፣
የማኅበሩ ጄኔሬተር ከጥር ጀምሮ ታሟል፣
ጋሽ ደሴ ጥበቃው ጋቢውን ተከናንቦ በር ላይ ቆሟል።

ቢወርድስ? ይቺ በዕርዳታ የመጣች ላፕቶፕ፣ ሁለት ጊጋ ጉልበቷ፣
ሥዕል ቢጭኑባት፣ የማራኪን ዳገት እንደ ጀመረች ባጃጅ ነው ማቃሰቷ።

ስለዚህ በጥቁሩ ገባሁ፣ በባዶው ሰሌዳ፣
አንዲት ጭረት ከዳር ሆና ብልጭ ድርግም ስትል እንደ እንግዳ።
የሚጫኑት ቁልፍ የለ፣ የሚጎትቱት ሣጥን፣
ቀስት የለ የሚያሳይ፣ ደንቡ የሚሄድበትን።
ቃል ብቻ።
ቃሉን እንደ ልኩ ከጻፉለት ይሰማል፤
አንዲት ነጥብ ከጎደለች ያኮርፋል።

ከጎኔ አቶ አጣናው፣ ደብተሩን ለስልኩ መብራት አስጠግቶ፣
ሃያ ስድስት ዓመት እዚሁ ወንበር ላይ ብድር ፈቅዶ፣ ነስቶ፣
«ሲሆን» ይለኛል፤ እጽፋለሁ።
«እንግዲያው» ይላል፤ እከተላለሁ።

ስድስት ወር የቆጠበ፣ ዋስ የሆኑለት ሁለት ሰው፣
ያደረ ዕዳ የሌለበት ሲሆን—እንግዲያው ስጠው።
ካስቀመጠው ሦስት እጥፍ ይበደር፤ ከዚያ አይለፍ።
ዋሱ ራሱ ባለዕዳ ሲሆን—እንግዲያው ይታለፍ።

ትዕዛዙን መታሁ። «ስህተት፣ መስመር አሥራ አራት።»
ዓይኔን አሽቼ ፈለግሁ፤ የጠፋችው አንዲት ቅንፍ ናት።
ዘግቼ መታሁ። «ስህተት፣ መስመር አሥራ አምስት።»
አቶ አጣናው ሳቀ፦ «ይሄስ ከኦዲተርም ይብሳል!
ግን አይዋሽም፤ የቱ ጋ እንደሚያመው ይናገራል።»

ባትሪው አሥራ ሁለት ሲቀረው፣ ዝም አለ። ቃል አልወጣውም።
(በዚህ አገር «ተሳካ» ማለት ዝምታ ነው፤ እልልታ የለውም።)

ለሙከራ ከአሮጌው መዝገብ አንድ ስም ሰጠነው፦
ፈንታነሽ ይግዛው፣ ብቅል ነጋዴ፣ ቤቷ ከወንዙ ማዶ ነው።
አምስት ወር ከሃያ ስምንት ቀን፤ ሁለት ቀን ጎደላት።
ሞተሩ ዓይኑን አላሸም፤ «ውድቅ» ብሎ ጻፈላት።

መነጽሩን አወለቀ። «እኔ እኮ ሰጥቻታለሁ።»
«በየትኛው ደንብ?»
«ደንቡን እንጃ። ያየሁትን ግን አውቃለሁ፤
ነሐሴ ነበር። የመጀመሪያዋን መቶ ብር በመሀረብ ቋጥራ ስትመጣ፣
ድማዛ ሞልቶ ሁለት ቀን ማዶ አደረች፣ መሻገሪያ አጥታ።»

ስንት ወንዝ አለ ከደብተሩ ያልገባ፣
ስንት የሞተ በሬ፣ በዚህ ሰው ጭንቅላት ያደባ?
ጣቴ ቁልፎቹ ላይ ቆመ። ሞተሩ ድማዛን አያውቅም፤
ካልነገሩት አይገምትም፣ አይራራም፣ አይጨክንም።

ከሁሉ በላይ አሰፈርሁት፣ ሌሎቹን እንዲቀድም፦
«ድማዛ የሞላ ሲሆን—እንግዲያው ቀን አይቆጠርም።»
ባትሪው ሦስት ከመቶ።
መታሁ። ዝም። ቀጥሎም «ተፈቅዷል።»
አቶ አጣናው ተነሣ፣ ወንበሩን በእግሩ ገፍቶ።

መብራት መጣ። ማውረጃው «ከዜሮ ልጀምር?» ብሎ ጠየቀኝ፤
መልስ ሳልሰጠው፣ በሩ ጋ የደረሰው ሰውዬ ጠራኝ፦
«ስማ፣ የበሬውንስ ነግሬሃለሁ?»
«አልነገርከኝም።»

ተመልሶ ተቀመጠ። ደብተሩን ዘጋው።
«ሲሆን…» አለ።