ስርዝ ድልዝ

ፒያሳ፣ ከፖስታ ቤቱ ማዶ፣ ጣልያን በሠራው ፎቅ፣
ሦስት ሆነን ተቀመጥን፣ ሰው ልንመዝን፣ ልንጠይቅ።
አቶ ሊቃው ከመሐል፣ ፈንታነሽ በመስኮቱ በኩል፣
እኔ ከዳር፣ ከውሃው ጠርሙስ እኩል።
የሕዝብ ግንኙነት ባለሙያ፣ ክፍት መደብ አንድ፤
አመልካች አሥራ አራት፣ ወረፋው እስከ መንገድ።

ዘጠነኛዋ ትርንጎ ዳምጤ፣ የዳባት ልጅ፣
ጫማዋ ላይ የወገራ ጭቃ፣ ፋይሏ በእጅ።
አቶ ሊቃው ዲግሪዋን ገልጦ ዝም አለ፤ ደግሞ አነበበ፤
በመነጽሩ አናት አሻግሮ አየን፤ ከንፈሩን ሰበሰበ።
«የግብርና ኮሙኒኬሽን» አለ ቀስ ብሎ፣ እንደማያውቀው ፍሬ
እያላመጠ፤ «ታዲያ የምትግባቢው ከማን ጋር ነው፣ ከበሬ?»

ሣቅን። እኔም ሣቅሁ፤ አልደብቅም።
ሃያ ሁለት ዓመት ስጽፍ፣
«በድምቀት ተከበረ» ያላልኩበት መግለጫ አላውቅም።
በእኛ ሚዛን ጋዜጠኝነት ያጠና ይቀድማል፣
ቋንቋና ሥነ ጽሑፍ ይከተላል፣
ግብርና የነካው ግን፣ እንጃ፣ አፈር አፈር ይሸታል።
«ችግኝ ጣቢያ ትመደብ» እንላለን፣
እንደ ምርቃት አድርገን።

ፈንታነሽ ደግ ናት። ልታቀልላት ብላ፣
«ከጻፍነው ያነበብሽው ካለ ንገሪን» አለች፣ ፈገግታ አክላ።

ልጅቷ ቦርሳዋን ከፈተች። የታጠፈ ወረቀት።
አወቅሁት። የእኔ ነው። የአምና ነሐሴ፣ ማኅተም ያረፈበት፦
«ውድ አርሶ አደሮቻችን፣ የስንዴ ዝገትን በጋራ እንከላከል፤
ምልክቱን ያየ ሁሉ ፈጥኖ እርምጃ ይውሰድ» የሚል።

«አባቴ» አለች፣ «ሦስቴ አስነበበኝ።
ከዚያ ጓዳ ገብቶ ማረሻውን አወጣ፣
በአሸዋ ፈተገው፣ ዘይት ቀባው፤
ጎረቤታችን አያ ካሱም ማጭዱን ይዞ መጣ።
‹መንግሥት ስለ ዝገት ጽፏል› ተባባሉ።
እኛ ዘንድ ዝገት የብረት ነው።
ስንዴን የሚመታው ዋግ ነው።
ዋግ ብትሉ ኖሮ ሕፃን ያውቀው ነበር።
ቢጫው ዱቄት ከማሳ ማሳ ሲሻገር፣
ማረሻችንማ እንደዚያ አብረቅርቆ አያውቅም።»

ከታች ባጃጅ ጮኸ።
አቶ ሊቃው ጉሮሮውን ጠረገ። «ሳይንሱ የሚለው ዝገት ነው።»
«ነው» አለች። «እኔ አራት ዓመት የተማርኩት
ከመጻፌ በፊት ሌላውን ስሙን መጠየቅ ነው።»

«የትምህርት ዝግጅት አግባብነት፣ ከሃያ» ይላል ቅጹ።
ገና ሳትገባ፣ ማመልከቻዋን አይቼ፣
5 ብዬ ነበር፣ በእስክሪብቶ።
አንዲት ቀጥ ያለች ጭረት ከአምስቱ ፊት ባቆም
አሥራ አምስት ይሆን ነበር፤ ማንም አያይም።
እጄ እንቢ አለ።
ሰረዝሁት። አሥራ ስምንት ጻፍሁ። ከጎኑ ፈረምሁ።

በሦስተኛው ቀን ከሰው ኃይል ተመለሰልኝ፦
ስርዝ ድልዝ ያለበት ቅጽ ተቀባይነት የለውም።
ሥራውን የጋዜጠኝነት ምሩቁ አገኘ፤
ሱፉ ያምራል፣ ድምፁም ግሩም፤
አንደኛ ቀኑ ላይ የጻፈው እንዴት እንደሚጀምር
ልነግራችሁ አያስፈልገኝም።

ዛሬ በነጭ ሽንኩርት በሽታ ላይ ማስታወቂያ ይዣለሁ።
«የሥር መበስበስ» ብዬ ጻፍሁ፤ አየሁት፤ ቆምሁ።
ስልኳን ከማመልከቻው ጀርባ ገልብጬ ነበር።
ወገራ ይህን ምን ብሎ ይጠራዋል?
ደወልሁ።
ይጠራል።