የሷ ምሳ

አሮጊቷን ባጃጅ ለነጂብ ሸጥኳት፤
ግማሽ ጀሪካን ቀረ፣ የሷ ምሳ፤
ዘይቱን በሰርዲን ቆርቆሮ ለክቼ ከቤንዚን የቀየጥኩት፣
ልብ ቢዘነጋ እጅ የማይረሳ።

አዲሷ ግን ንጹሑን ነው የምትጠጣው፣
ዘይቷን ለብቻው በሆዷ ይዛ፤
ይህን ባቀምሳት
ካንዴላዋ ጠቁሮ ትነሳለች ፈዝዛ።

«ደቻቱ አሸዋ ላይ ድፋው» አለኝ ጎረቤቴ፣
ደረቅ ነው ብሎ።
ደቻቱን አያውቀውም፤
ደንገጎ ላይ የዘነበ ሌሊት
የሰጡትን ሁሉ በር ድረስ ይመልሳል፣ በጭቃ ጠቅልሎ።

በአዲሷ ጭኜ፣ ከዚራን አቋርጬ
ሳቢያን ወሰድኩላት።
ነጂብ እጀታዋን ሳበ።
አንድ ሳል፤ ከዚያ ጢስ፤
ሸሚዜን ያዘኝ።

ባዶውን ጀሪካን ይዤ ተመለስኩ።
ሦስቴ በኦሞ አጠብኩት።
አዲሷን የማጥብበት ውሃ
ዛሬም
እሷን እሷን ይሸታል።