በብርድ ልብሱ ክምር ውስጥ

ከናሪን ወንዝ ዳር በረዶ ሲሟሟ
ጤና ጣቢያ ወረድን ልጅቱ ብትደክም።
ነርሷ ሳልታናት ጣቷን ወጋ አረገች፣
አንዲት ጠብታ ደም በመስታወት ያዘች፣
«ቀጥኗል» አለችን፤ ቁጥሩንም ጻፈች፤
ሠላሳ ትንንሽ ከረጢት ቆጠረች።
«ገንፎው በረድ ሲል አንዱን ነስንሱበት፣
ከእሳት ላይ አይፍላ፣ ሻይ አታስከትሉበት፤
ብረት ነው» አለችን፣ «ደም የሚሆን ብረት።»

ሣቄ አመለጠኝ።
ሟቹ ባለቤቴ ለፈረስ ብረት መቺ፣
ጢሙ ላይ ብናኙ፣ ጣቱ ላይ ፍንጣቂ፣
አርባ ዓመት ሙሉ ቤታችን ሲያቃጭል፣
የእሱ የልጅ ልጅ ብረት አነሳት ሲባል!
ደግሞስ በሶቭየት ጊዜ ማን ነሰነሰልኝ?
ሻይና ዳቦ ነው አምስት ያስወለደኝ።
ሁለቱን ቀብሬያለሁ።
እሱን ግን ያን ዕለት አላነሣሁትም።

በሦስተኛው ቀን ጨርቋን ስፈታላት፣
ጥቁር ነው፣ ጥቁር ነው፣ የምድጃ ጥላሸት።
ነርሷ ተናግራለች «አትደንግጡ» ብላ፤
ጆሮዬ ካረጀ እየመረጠ ነው የሚበላ።
«መርዝ ነው» አልኩኝ።
ምራቴ ስትተኛ ሰበሰብኳቸው፣
ሃያ ሰባት ቀርተው፤
ከጥሎሽ ሳጥኔ ላይ ከተከመረው
ከብርድ ልብሱ እጥፋት፣ ከአራተኛው መሃል
ሸጎጥኩና ጠዋት፣
«አይጥ ወስዶት ይሆናል» አልኳት ለአይዛዳ።
አይጥ! የወረቀት ዱቄት!
አየችኝ። ዝም አለች።
ምራት ናት፣ ምን ትበል።

ቱማርም ሻይዋን በወተት ጠጣች፣
ዳቦዋን ነከረች፣ ትራስ ተደገፈች።
የጎረቤት ልጆች ግልገል ሲያባርሩ
እሷ መስኮት ላይ ነች።
የግድግዳ ኖራ በጥፍሯ ፍቃ በላች፣
«ጥርስ እያወጣች ነው» አልኩ።
እጇ በፀሐይ ሲታይ ሰም ይመስል ነበር፣
«ንጣቷ አማረባት» አልኩ።
እኔ ነኝ ያልኩት፣ ሌላ ሰው አይደለም።

አንድ ከሰዓት በኋላ ድምፅዋ ጠፋብኝ፤
ጋጣው ጨለማ ነው፣ ቆምኩ እስኪያሳየኝ።
ከሟቹ ዕቃ መሃል የኮቴ ብረት አውጥታ፣
በሁለት እጇ ይዛ፣ ዓይኗን ጨፍና፣
ዝገቱን ትልሳለች
ጥጃ ጨው እንደሚልስ።
አላለቀሰችም። መምጣቴንም አላወቀች።
ምላሷ በዝገቱ ቀልቶ፣
ከንፈሯ ግን ነጭ።

ያን ከንፈር አውቀዋለሁ።
ሁለት ጊዜ በጨርቅ ሸፍኜዋለሁ።

ቤት ገባሁ። ክምሩን ስቤ ናድኩት፣
ብርድ ልብሱ ሁሉ መሬት ፈሰሰ፣ ተውኩት።
ገንፎዋን አበረድኩ፣ አንዱን ከረጢት ቀደድኩ፣
ነሰነስኩ፣ አማሰልኩ፣ በጣቴ ቀመስኩ።
ምንም አይል። ምንም።
ይህን ነው እንዴ እንደዚያ የፈራሁት?
የመጀመሪያውን ማንኪያ ፊቴ ላይ ተፋችው፣
ሁለተኛውን ዋጠችው።
አይዛዳ በሩ ላይ ቆማ ኖሯል ለካ።
ወለሉን አየችው፣ ብርድ ልብሶቹን፣ እኔን።
አንድ ቃል አልወጣትም፤
ሻይ ማፍያውን ብቻ ከማዕዱ አነሳችው፣
ወስዳም ከመደርደሪያው ጥግ አስቀመጠችው።

ከዚያ ሌላ ሠላሳ፣ ከዚያም ሌላ መጣ።
ሳልታናት መልሳ ጣቷን ልትወጋ
ብትጠጋት፣ ነከሰቻት!
ይቅርታ የጠየቅሁት እኔ ነኝ፣
ውስጤ ግን ጨፈረ።

አሁን ግልገል አይቀራት፣ ዶሮ አይቀራት፣
ስኳሬን ሰርቃ በጋጣው ዞራ ስትሮጥ
ጉልበቴን ይዤ ከደጅ እሳደባለሁ፤
ማን ይያዛት? እኔ እንደሁ አልችልም።
የኮቴውን ብረት ከፍ አድርጌ ሰቀልኩት።
ማታ ማታ ደግሞ
ጥቁሩን ጨርቋን አጥባለሁ፣
አልደነግጥም።