አንቀጽ ማለት በር ነው

ሊድስ ውስጥ፥ ከቦዩ ማዶ፥ ሦስተኛ ፎቅ ላይ፥
ባለ አንድ መኝታ ቤት አለኝ፥ መስኮቱ ሰሜን የሚያይ።
የሌሊት አውቶቡስ ነድቼ የገዛሁት፥
በአሥራ ዘጠኝ ዓመት እንቅልፍ የከፈልሁት።
"የኔ ነው" ስል ግን ፈገግ አለ ጠበቃው፦
"ያንተ ዘጠና አራት ዓመት ብቻ ነው፤ የሌላ ነው ጣሪያው።"
አባቴ ቢሰማ ባንድ ቃል ይገባው ነበር፦
"ርስት አይደለም ልጄ፤ ባለጉልት አለው ያም አገር።"

ልጄ ብሪስቶል ወልዳ፥ እሷን ላግዝ ስሄድ፥
ቤቱን ለሊንሲ አከራየሁ፥ የባንኩ ዕዳ እንዳይከብድ።
ሊንሲ የኬረላ ልጅ ናት፥ የሆስፒታል ሠራተኛ፥
ጎረቤት ሲነቃ የምትተኛ።

ሳምንት ሳይሞላ ደብዳቤ መጣ፤ ማኅተሙ ሰማያዊ፦
"የተከራይን ስም በመዝገብ ለማስፈር
የአስተዳደር ክፍያ፥ መቶ ስድሳ አምስት ፓውንድ፥ ምክንያታዊ።"

ስም ለማስፈር!
መጨረሻው ፌርማታ ላይ ሞተር አጥፍቼ ለካሁት፤
ስሟን ከነአባቷ በአሥራ አንድ ሴኮንድ ጻፍሁት።

ደወልሁ። ሙዚቃ። ደወልሁ። ደግሞ ሙዚቃ።
በአርባኛው ደቂቃ አንድ ወጣት ድምፅ ነቃ።
ስሙ ካለም ነው፤ ትሑት ነው፤ ጉንፋን ይዞታል፤
"ሲስተሙ ነው የሚያወጣው ጌታዬ" ይላል።
እሱን ምን ልበለው?
ዝንጅብል በማር ጠጣ አልሁት፤ ስልኩን ዘጋሁ፤
ያን ምሽት ውሉን ከሳጥን አወጣሁ።

አርባ ሁለት ገጽ።
አባቴ ቅኔ ቤት ያደረ፥ የግዕዝ ሰው ነበረ፤
"አንቀጽ ማለት በር ነው" እያለኝ የኖረ።
እኔም እያንዳንዱን በር አንኳኳሁ ሌሊቱን፤
የልጅ ልጄ ስታለቅስ፥ ወደ ንጋት፥ አገኘሁ አንዱን
ያልተቆለፈ፦ "ክፍያው ምክንያታዊ ይሁን።"
ስንት እንደሆነ አይልም። በሩ ግን ገርበብ ብሏል።

ሸንጎው ከገበያው ጀርባ ነው፤ ምንጣፉ ግራጫ፤
ለዳኛዋ ውኃ አለ፥ ለኔም ውኃ፥ በወረቀት ብርጭቆ፥ በነጫጭ።
ባገሬ ቢሆን በላ ልበልሃ ተባብለን፥
ነጠላ አጣፍተን፥ ማር ተወራርደን፥
እዚህ ግን ሙግቱ ሹክሹክታ ነው፥ የፋይል፥ የገጽ ቁጥር፤
የኩባንያው ጠበቃ ሲናገር ክራቫቱ እንኳ አይነቃነቅም ነበር።
"መዝገብ መክፈት አለ" አለ። "መመርመር አለ። ማጽደቅ።
ሠራተኛ አለ፤ መብራት አለ፤ ደግሞም ማስታወቅ።"
ተነሣሁ። ጉልበቴ ይንቀጠቀጣል፤ እንግሊዝኛዬም አብሮት።
"ክብርት ዳኛ፥ ለካለም ሥራ ማስታወቂያው ላይ ያለው
በሰዓት አሥራ ሦስት ፓውንድ ነው።
አሥራ ሦስት ሰዓት ሊንሲን ሲጽፍ ነው የዋለው?"
ከጎኗ ያለው ቤት ገማች ሳል አስመስሎ ሳቀ።
ዳኛዋ አልሳቀችም። ጻፈች።

ውሳኔው በስድስተኛው ሳምንት በፖስታ መጣ፦ አርባ ፓውንድ።
መቶ ሃያ አምስት አሸነፍሁ።
ለማመልከቻ መቶ አሥር፤ ለባቡር ሰባ ሁለት።
"ታዲያ ከሰርህ አባዬ" አለች ልጄ፥ ሕፃኗን እያጠባች።
እውነቷን ነው። ሰው ሲገጥም ስንኙ ቤት ይመታል፤
እኔን ግን ቤት መታኝ።

ያም ሆኖ ከሥሬ ያለው ቲሞቲ፥ ከላይ ያለችው ባልዊንደር፥
አራተኛ ፎቅ ያሉት፥ አሳንሰር ውስጥ እንኳ ሰላም የማይሉኝ ባልና ሚስት ሳይቀር
ግልባጩን ላክልን አሉኝ።
አሥራ ሰባት ፖስታ ገዛሁ። ቴምብሩን አልቆጠርሁም።

አሁን አርባውን ፓውንድ ልልክ ቼኩን ዘርግቻለሁ።
በጀርባው፥ ይመዝግቡት እንደሆነ ብዬ፥
ስሟን በእኛ ፊደል ጻፍሁት፦ ሊንሲ።
በነጻ።